ስልካቸው ገበያ የሚውል ተማሪዎች

ጡረታ ከወጣሁም በኋላ በትምህርት ቤታችን የእንግሊዝኛ ክፍል የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አለሁ። ማንም አላስወጣኝም፣ እኔም ልውጣ አላልኩም። ጠዋት ጠዋት ስልኬ ሲንጫጫ ወጣቶቹ መምህራን ስለ ምዘና ሲጨቃጨቁ፣ ፋይል ሲቀባበሉ፣ «አልከፍት አለኝ» ሲባባሉ አነባለሁ። አንዳንዴ ጣቴን ይበላኛል። መልስ መጻፍ እጀምርና «አንቺ ሴትዮ፣ አርፈሽ ተቀመጪ» ብዬ ራሴን ገሥጬ አጠፋዋለሁ።

በቅርቡ አንዲት አዲስ መምህርት የቤት ሥራ በስልክ መስጠት ስለከበዳት ምክር ጠየቀች። ሁሉም በአንድ አፍ «ቲቸር ገነትን ጠይቂ» አሏት። ደወለችልኝ። ስለ ፋይል መጠን፣ ስለ ድምፅ መልእክት፣ ስለ ሰዓት ገደብ አወራኋት፤ አመስግናኝ ዘጋች። ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ነው ዋናውን እንዳልነገርኳት የታወቀኝ። ዋናው በስልክ የሚነገር አልነበረም። እስቲ እዚህ ልጻፈው።

የጅጅጋ ልጅ ነኝ። አባቴ በውትድርና መጥቶ እዚሁ ትዳር ይዞ የቀረ ሰው ነው። ሶማሊኛን የተማርኩት ከጎረቤት ልጆች ጋር ስንጣላ ስለሆነ፣ ዛሬም ስናደድ ነው አጥርቼ የምናገረው። ብዙ ዘመን አንደኛ ደረጃ እንግሊዝኛ አስተማርኩ። በክረምት እየተማርኩ ዲግሪዬን ጨረስኩና ፀጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ፣ በ2010 ዓ.ም. ላይ፣ ከጅጅጋ ወጣ ብላ ባለችው በአውበሬ ሁለተኛ ደረጃ ተመደብኩ። ሰዎች «በዚህ ዕድሜሽ አውበሬ ምን ልታደርጊ ነው?» አሉኝ። አበሏ ለታክሲና ለሻይ እንኳ የምትበቃ አልነበረችም። እኔ ግን የሁለተኛ ደረጃ መምህርት መባል አምሮኝ ነበር፤ ሄድኩ።

እዚያ መምህር ኡስማንን አገኘሁ። የክፍሉ ኃላፊ ነበር። አይሻ ከተማ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ተወልዶ ያደገ፣ ከሲታ፣ ዝምተኛ፣ በወተት የፈላ ሻይ የሞላ ፔርሙዝ ከእጁ የማይለይ ሰው ነው። በዕድሜ ጥቂት ነው የሚበልጠኝ። በዚያ ዕድሜዬ የሚያስተምረኝ ሰው አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ አገኘሁ።

ኡስማን አንድ ልማድ ነበረው። ለተማሪ የሚሰጠውን ሥራ መጀመሪያ ራሱ ይሠራዋል። ይህን ብዙ መምህር አደርጋለሁ ይላል፤ የሱ ግን ለየት ይላል። በመምህራን ክፍል፣ በጥሩ ወንበር፣ በጥሩ እስክሪብቶ አይሠራውም። ተማሪው የሚሠራበት ቦታ ሄዶ ነው የሚሠራው። የክፍል ሥራ ከሆነ ኋላ ወንበር ላይ፣ እግሩ በተሰበረው ዴስክ ይቀመጣል። የቤት ሥራ ከሆነ ደግሞ ቤታቸውን ያስባል።

አንድ ቀን የንባብ ሥራ አዘጋጅቼ አሳየሁት። ረጅም ምንባብ ነው፤ ኮርቼበታለሁ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ። ብዙዎቹ ተማሪዎቻችን፣ አጠገባችን ካለው ስደተኛ ጣቢያ የሚመጡትም የከተማዎቹም፣ ከሰዓት በኋላ ውኃ ወረፋ ላይ ናቸው። እዚያ ሄዶ የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀምጦ ሥራዬን ሠርቶት መጣ። ግማሹን በእስክሪብቶ ሰርዞታል።

«ገነት፣ ምንባቡ ጥሩ ነው» አለኝ። «ግን ውኃ ወረፋ ላይ ረጅም ዓረፍተ ነገር አይነበብም። መሐል ላይ ስትደርሺ ወረፋው ይሄዳል። ጀሪካንሽን ትገፊያለሽ። ስትመለሺ ዓረፍተ ነገሩ የለም።»

ተናደድኩ፤ አልዋሽም። ማታ ቤቴ ሆኜ ሳነበው ግን የሰረዘው ሁሉ ትክክል ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ አንድም ሥራ ሳያስቀምሰኝ አልሰጠም፣ እኔም ሳላስቀምሰው አልሰጠሁም። የአውበሬን ከሰዓት በኋላ አሁንም ይናፍቀኛል፤ ነፋሱን፣ አቧራውን፣ የኡስማንን ፔርሙዝ፣ አንዲት ጥያቄ ላይ ቁጭ ብለን የምንከራከረውን።

ከዚያ እሱ ጡረታ ወጥቶ አይሻ ገባ፤ እኔ ወደ ጅጅጋ ተዛወርኩ። ብዙም ሳይቆይ ኮሮና መጣና ትምህርት ቤት ተዘጋ። ሲከፈት በፈረቃ ሆነ፤ ግማሹ ተማሪ ዛሬ ከመጣ ግማሹ ነገ ይመጣል። ቤት ለሚውለው ሥራ በስልክ ላኩ ተባልን። ያኔ የነበረን ዲጂታል ዕቃ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፕላዝማ ብቻ ነበር፤ እሱም ከሞተ ቆይቷል፤ ሳጥኑን ጠመኔ ማስቀመጫ አድርገነው ነበር።

በቴሌግራም ጀመርን። ስንጀምር ያላዋቂነታችን አሁን ሳስበው ያስቀኛል። የመጽሐፉን መልመጃ ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩ፤ ባዶ ቦታ ሙሉ የሚለውን። ሻዬን ሳልጨርስ የሁሉም መልስ መጣ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ስህተቱም አንድ ዓይነት። ድርሰት ጻፉ ስላቸው ደግሞ እኔ ራሴ መዝገበ ቃላት ገልጬ የማገኛቸው ቃላት የሞሉበት ድርሰት ይልኩልኝ ጀመር። «ይህን ቃል አንብብልኝ» ስለው ፊቴ ቆሞ ማንበብ የማይችል ልጅ በስልክ እንደ ጠበቃ ይጽፋል።

ስለዚህ መልመጃዎቹን አንድ በአንድ ፈትቼ እንደገና ሰፋኋቸው። መጽሐፉ ውስጥ የነበረው ንግግር ማሟያ «ዛሬ ከባለ ሱቅ ጋር ያወራችሁትን በእንግሊዝኛ አድርጋችሁ በድምፅ ላኩ» ሆነ። የሥዕል መግለጫው «ከበራችሁ ላይ የሚታየውን ፎቶ አንሡና ንገሩኝ» ሆነ። ወረቀት በፋብሪካ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳው ምንባብ ነበር፤ ወረቀት ፋብሪካ አይቶ የሚያውቅ ልጅ የለኝም። እሱን «በቤታችሁ በየቀኑ በእጅ የሚሠራ አንድ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዱኝ» ብዬ ለወጥኩት። ሥራዎቼ ሁሉ የድምፅ ሆኑ። የሰው ድምፅ ከማንም አይቀዳም ብዬ ነው። ልጆቹ በጽሑፍ ሲሆን ይሸማቀቃሉ፤ መናገር ሲሆን ግን ማን ያቆማቸዋል! አንዳንዱ ስለ አያቱ ግመል ጀምሮ ስልኩ ባትሪ እስኪጨርስ ያወራል።

ወሬው ተሰምቶ በክልላችን በሲቲ ዞን ያሉ መምህራንን እንዳሠለጥን ተላክሁ። አዲጋላ ከተማ ላይ ኔትወርኩ የሚይዘው አሮጌው ባቡር ጣቢያ ጋ ብቻ ነበር። ሥልጠናውን የሰጠሁት እዚያው ጥላ ውስጥ ቆመን ነው፤ ትልልቅ ሰዎች ስልካቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው «ገባ! ገባ!» ሲሉ ላየን ሰው ዝናብ የምንለምን ነው የምንመስለው። ከሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ ቀን የሳቅኩበት አላስታውስም።

ችግሩ የመጣው ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። አንዱ ጎበዝ ነኝ ባይ የድምፅ ሥራ ላከልኝ። ሳዳምጠው ከሱ ቀድሞ አንድ ድምፅ ከጀርባ ያንሾካሹካል፤ እሱ ይደግማል። ያ ከጀርባ ያለው ዩኒቨርሲቲ የሚማር የአጎቱ ልጅ ነው። ሌላዋ ደግሞ እህቷን ታስነብባለች። ነገሩ እንደ ጉንፋን ተዛመተ። ስለዚህ አንድ ሕግ አወጣሁ። ከጀርባ ሁለተኛ ድምፅ የተሰማበት ሥራ አይያዝም፤ ድምፁ ከተሰማበት በኋላ ያለውንም አላዳምጥም። ሕጉ ሠራ። ሹክሹክታው ቀጥ አለ። ሌሎቹ ክፍሎችም ወሰዱት፤ ርዕሰ መምህሩ በስብሰባ ላይ ስሜን ጠርቶ አመሰገነኝ። ደስ አለኝ፤ ማን ደስ አይለውም?

ሂቦ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዬ ነበረች። በክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ አታውቅም፤ ስትጠየቅ ግን ትንሽ ታስብና ሙሉ ዓረፍተ ነገር ትናገራለች። እናቷ ፋዱማ ገበያ ውስጥ የግመል ወተት ትሸጣለች። በቤታቸው ያለው ስልክ አንድ ነው። ጅጅጋን ለማያውቅ ልንገር፤ እኛ ጋ ገበያ ላይ ጥሬ ብር የሚይዝ ሰው ጥቂት ነው። ወተትም፣ ሽንኩርትም፣ ባጃጅም በስልክ ነው የሚከፈለው። ስለዚህ የፋዱማ ስልክ ካዝናዋ ነው፤ ከአንገቷ ላይ አይወርድም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ እኔም ወተት የምገዛው በስልክ ነው። ስልኩ የተማሪዬ ክፍልም መሆኑን ግን አላገናኘሁትም።

የእጅ ሥራውን መግለጫ የሰጠሁ ጊዜ ሂቦም ላከች። ከፈትኩት። ገና መጀመሪያው ላይ የሴት ድምፅ ከጀርባ ተሰማ። አቆምኩትና «ሁለተኛ ድምፅ አለበት፤ አልተያዘም፤ ደግመሽ ላኪ» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ደግማ ላከች። ያው የሴት ድምፅ፣ ያው ቦታ ላይ። ዜሮ ሰጠኋት። ያን ቀን የማዳምጠው የአራት ክፍል ሥራ ነበረኝ፤ ወደሚቀጥለው አለፍኩ።

ሂቦ በፈረቃዋ ቀን አልመጣችም። በሚቀጥለውም አልመጣችም። የወንበር ጓደኛዋን ጠየቅኳት።

«ቲቸር፣ ሂቦ ቀርታለች እኮ። ድንበሩ ጋ ዋጃሌ ልትሄድ ነው፤ አክስቷ ሱቅ ልትሠራ» አለችኝ።

«ለምን?»

ልጅቷ ወደ መሬት አየች። «ሆዮዋ ተናዳ። ‹ልጄን ሌባ አሏት፤ ካሁን ወዲያ ትምህርት የለም› አለች። ወላሂ ቲቸር፣ ሂቦ አልሰረቀችም።»

ሆዮ ማለት እናት ነው። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ሂቦን ማጣት ያመመኝ ተማሪዬ ስለሆነች ብቻ አልነበረም። ያችን ዝምተኛ ልጅ እንድትናገር ያበረታታኋት እኔው ነኝ፤ አፏን ስትከፍት ደግሞ ዘጋሁባት። ከዚያ አይሻ ለኡስማን ደወልኩ። ነገሩን ሁሉ ሰማኝ። ከጀርባው ነፋስ ይጮኻል።

«አንቺ ሥራውን ሠራሽው?» አለኝ።

«ሠርቼዋለሁ እንጂ! ለናሙና ቀድቼ የለጠፍኩላቸው የራሴን ነው።»

«የት ሆነሽ ቀዳሽው?»

 መኝታ ቤቴ ውስጥ ነበር የቀዳሁት፤ በሬን ቆልፌ፣ ጎረቤቴን ሬዲዮ ቀንሽልኝ ብዬ።

«ሃዬ» አለ ኡስማን፤ እሺ እንደ ማለት ነው። ከዚያ ስለ ጤናዬ ጠይቆኝ ዘጋ።

ከአሱር ሶላት በኋላ፣ ወደ አሥር ሰዓት ግድም፣ ገበያ ሄድኩ። ፋዱማ ቢጫ ጀሪካኖቿን ፊቷ ደርድራ ተቀምጣለች፤ ሂቦ አጠገቧ ወተት ትቀዳለች። ልጅቷ ስታየኝ ማንቆርቆሪያውን ልትጥለው ደረሰች። እናትየው ግን አንገቷን አላቀናችም።

«አባዮ ፋዱማ፣ እንዴት ዋልሽ» አልኩ በሶማሊኛ። እህቴ ማለት ነው።

«ወተት ከሆነ አለ። ሌላ ከሆነ የለም።»

«እዚህ ትንሽ ልቀመጥ ብዬ ነው።»

«ገበያ የመንግሥት ነው፤ ተቀመጪ።»

ባዶ ጀሪካን ገልብጬ ተቀመጥኩ። ስልኬን አወጣሁና ለተማሪዎቼ የሰጠሁትን ሥራ መሥራት ጀመርኩ፤ የጥቁር ሰሌዳ አጠራረግ በእንግሊዝኛ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ አንዱ «ስንት ነው ሊትሩ?» አለኝ፤ ሻጭ መስዬው ነው። እንደገና ጀመርኩ። ጋሪ የሚነዳ ሰው «ዞር በይ!» ብሎ ጮኸ። እንደገና። ጎን ያሉት ሽንኩርት ሻጮች ምን ሆና ነው ብቻዋን የምታወራው ብለው እየተሳሳቁ ድምፃቸው ገባ። ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሴት፣ ያቺን የማታህል ሥራ መጨረስ አቃተኝ። ፋዱማ እጇን አጣጥፋ ታየኛለች። ማንንም ዝም አላሰኘችልኝም።

«ከበደሽ?» አለች።

«ከበደኝ።»

«ለኔ ልጅ አልከበዳትም። እስከ መጨረሻው ሰምተሻታል?»

«አልሰማሁም፣ አባዮ። የአንቺን ድምፅ ስሰማ አቆምኩት።»

«የኔን ድምፅ!» አለች። ከዚያ ብዙ ሳታወራ ወደ ስልኬ አመለከተች። «ክፈቺው። እዚሁ ክፈቺው።»

የሂቦን ሥራ ፈልጌ ድምፁን ከፍ አድርጌ ከፈትኩት። ገበያው ይጮኻል፤ የሂቦ እንግሊዝኛ ከሥር ይሰማል፤ ከዚያ ያቺ ዜሮ ያሰጠች የሴት ድምፅ መጣች። ፋዱማ ናት። በሶማሊኛ «ዝም በሉ! ሁላችሁም ዝም በሉ! ልጅቷ ፈተና ላይ ናት!» ትላለች። ደግማም «ወተት አልሸጥም፤ ቁም እዚያ!» ትላለች። ከዚያ በኋላ ገበያው ዝም አለ። የጅጅጋን ገበያ የሚያውቅ ይፍረድ። ጋሪው ቆመ፣ ሽንኩርት ሻጮቹ ቆሙ፣ ሰው ሁሉ እስትንፋሱን ይዞ፣ የሂቦ ድምፅ ብቻዋን እስከ መጨረሻው ሄደች።

ዓይኔ እንባ ሞላ። እዚያ ገበያ መሐል፣ ሰው እያየኝ፣ አለቀስኩ። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። ሂቦንም እንደዚያው። ዜሮው እንደሚነሣና ሥራዋ ከክፍሉ አንደኛ እንደሆነ እዚያው ነገርኳት። ፋዱማ ግን ለይቅርታዬም ለውጤቱም ብዙ ቦታ አልሰጠችም። ሌላ ነገር ከንክኗታል።

«ምን አለች ግን?» አለችኝ።

«አልነገረችሽም?»

«የትምህርት ነገር ነው አለችኝ። እኔ ሰዉን ዝም ሳሰኝ ነበር፤ ምን እንደምትል በምን አውቃለሁ?»

ሂቦ «ቲቸር፣ ይቅር፤ እባክሽ» አለች፤ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። እኔ ግን እንደገና ከፈትኩትና እያቆምኩ፣ በዚያ በጠብ በተማርኩት ሶማሊኛዬ፣ ለእናትየዋ ተረጎምኩላት። ወተት የሚጠብቁትም ሽንኩርት ሻጮቹም ጠጋ ጠጋ አሉ።

«እናቴ የወተቱን ጀሪካን ፀሐይ ሳይሞቅ ታዘጋጃለች። ሌላ ሰው አታምንም፤ እኔንም አታምንም። በሙቅ ውኃ ታጥበዋለች። የሚጤስ የእንጨት ስባሪ ትከትበትና ክዳኑን ዘግታ ትንጠዋለች፤ ጭሱ ውስጡን እስኪይዝ ትጠብቃለች። ከዚያ ታሸተዋለች። ካልወደደችው እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ሰዎች ወተትሽ ለምን ቶሎ አይበላሽም ብለው ይጠይቋታል፤ እሷ ትስቃለች እንጂ አትመልስም። እኔ ግን አይቻለሁ። ጀሪካኑን ስታሸት፣ ልጅ ሆኜ አጥባኝ ስትጨርስ ራሴን እንደምታሸተው አድርጋ ነው።»

 ፋዱማ ጀሪካኖቿን አየች፣ ከዚያ ልጇን አየች፣ ከዚያ ሻሿን ጎትታ ዓይኗ ላይ ጣለች። 

«አንቺ ልጅ» አለች በመጨረሻ። «የጀሪካኔን ነገር ለሰው ሁሉ ነገርሽ ማለት ነው? ነገ እነዚህ ሁሉ ሊሠሩት ነው!»

ሽንኩርት ሻጮቹ በሳቅ ፈረሱ። ሂቦም ከሻሿ ሥር ሳቀች። ስለ ዋጃሌ ልጠይቅ ፈለግሁ፤ ፈራሁ። ፋዱማ ዓይኗን ጠርጋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ አንድ ባጃጅ ሹፌር ወተቱን ተቀብሎ ስልኩን አወጣ።

«ቁጥርሽን ንገሪኝ፣ ልላክልሽ» አላት።

ፋዱማ ስልኳን ከአንገቷ ላይ አወለቀች። መስታወቱን በሻሿ ጫፍ ወለወለችና ለሂቦ ሰጠቻት።

«ጥሬ ብር አምጣ» አለችው።

«የለኝም እኮ፣ ኢዶ» አላት፤ አክስቴ እንደ ማለት።

«እንግዲያው ወተቱን ውሰድ፣ ብሩን ጠዋት ታመጣለህ። ከአሱር በኋላ ስልኩ ትምህርት ላይ ነው።»